የሐይቅ ውሃ ለምን ሰማያዊ ይመስላል? ልጄ ጠይቃኝ መልስ አጠረኝ

የሸዋ በሯ
እሑድ፣ ማታ 2፡15

ሰላም ለዚህ ቤት ሰዎች። የምኖረው ደሴ ነው፣ ሸዋ በር። ዛሬ ልጆቼን ዓሣ ላበላ እዚሁ አቅራቢያችን ወዳለው፣ ስሙም «ሐይቅ» ወደሚባለው ሐይቅ ወርጄ ነበር። ውሃው ከሩቅ ብቅ ሲል የ8 ዓመቷ ልጄ «እማዬ፣ ለምንድን ነው ሰማያዊ የሆነው?» አለችኝ። እኔም እንደተማርኩት «የሰማዩ ቀለም ነው፤ እንደ መስታወት ያሳያል» ብያት አለፍኩ።

ዳር ስንደርስ ባዶ ሃይላንድ አንስታ ውሃ ቀዳችበት። ወደ ብርሃኑ ከፍ አድርጋ አየችው። ምንም ቀለም የለውም። አንዳንድ አረንጓዴ ብናኝ ብቻ ይዋኝበታል። «ሰማዩ እኮ እዚህም አለ። ይሄኛው ለምን ሰማያዊ አልሆነም?» አለችኝ። መልስ አጣሁ። ከሰዓት ደመናው መጣና ሰማዩ አመድ መሰለ። ሐይቁ ደብዘዝ አለ እንጂ መሃሉ ቀለሙን ጨርሶ አልለቀቀም። እሷም አይታዋለች። ቀና ብላ አየችኝ፣ ምንም አላለችም።

በዚህ አላበቃም። ሊጠበስልን ያሳዩን ቆሮሶ ጀርባው ጠቆር፣ ሆዱ ነጣ ያለ ነው። «ሰማያዊ ውሃ ውስጥ እየኖረ ዓሣው ለምን ሰማያዊ አልሆነም?» አለች። እባካችሁ የምታውቁ ንገሩኝ። «ዝም ብለሽ ብይ» ልላት አልፈልግም። እኔን ልጅ ሳለሁ እንደዚያ እያሉኝ ብዙ ጥያቄ ውስጤ ቀርቷል።

ኮምቦልቻ ነኝ
እሑድ፣ ማታ 2፡31

ሰማዩ ነው እህቴ፣ ትክክል ነው የነገርሻት። እኛም ትምህርት ቤት እንደዚያ ነው የተማርነው። ጠርሙሱ ትንሽ ስለሆነ ነው ሰማይ የማያሳየው።

መስታወት ቆራጭ
እሑድ፣ ማታ 3፡05

ሳይንሱን ለሚያውቁት እተዋለሁ። ከስራዬ ግን አንድ ነገር ልንገርሽ።

ደሴ መስታወት ቤት ነው የምሰራው። ባለ 4 ሚሊውን መስታወት ፊት ለፊት ብታይው ቀለም የለውም። ጠርዙን ግን እይው። አረንጓዴ ነው፣ ቁልጭ ያለ አረንጓዴ። ማንም ቀለም አልቀባውም። ፊት ለፊት ስታይ ዓይንሽ የሚያልፈው 4 ሚሊ ብቻ ነው። በጠርዙ ስታይ ደግሞ የመስታወቱን ርዝመት ሁሉ እያለፍሽ ነው የምታይው። ቀለሙ ድሮም ውስጡ አለ፤ ሲሳሳ አይታይም፣ ሲወፍር ይወጣል። ውሃውም እንደዚያ ይመስለኛል። አንድ ቀን ልጅሽን ይዘሻት ነይ፣ ቁራጭ አሳያታለሁ።

ጡረተኛው መምህር
ሰኞ፣ ጠዋት 1፡20

መስታወት ቆራጩ ቁም ነገሩን አግኝቶታል። እኔ ፊዚክስ ሳስተምር ነው ዕድሜዬን የጨረስኩት፣ አብዛኛውን እዚሁ ወሎ። እንደዚህች ልጅ ጠርሙስ አንስቶ የጠየቀኝ ተማሪ ግን በጣት የሚቆጠር ነው።

ውሃ የራሱ ቀለም አለው። በጣም ስስ ሰማያዊ ነው። የፀሐይ ብርሃን ነጭ ይመስላል እንጂ ቀስተ ደመና ላይ የምናያቸው ቀለማት ድብልቅ ነው። ብርሃኑ ውሃ ውስጥ ሲገባ ውሃው መጀመሪያ የሚውጠው ቀዩን ነው። በውሃ ሞለኪውል ውስጥ ሃይድሮጅንና ኦክስጅን እንደተያያዙ ይንቀጠቀጣሉ። ያ ንቅጥቃጤ ከቀዩ ብርሃን ጉልበት ይወስዳል። ንጹህ ውሃ ውስጥ 5 ሜትር ያህል ሲወረድ ከቀዩ አብዛኛው አልቋል። ብርቱካናማው ይከተላል። ሰማያዊው ግን ብዙም ሳይነካ ወደ ጥልቁ ይዘልቃል። እዚያ ሞለኪውሎቹ ወዲያና ወዲህ ይበትኑትና ከፊሉ ተመልሶ ወደ ላይ ይወጣል። ዓይናችን ጋ የሚደርሰው ይህ የተረፈው ነው። ልጅሽ የያዘችው ሃይላንድ ውፍረቱ አንድ ስንዝር አይሞላም። ያን ያህል ውሃ ቀዩን ለመዋጥ አይበቃም።

ሰማዩ ምንም ድርሻ የለውም አልልም። ውሃው ረግቶ አንቺም ከሩቅ አጋድመሽ ስታይው ፊቱ ላይ የሰማዩ ብርሃን ይንጸባረቃል። ደመና ሲሆን ደብዘዝ ያለው ለዚህ ነው። ይህን ጉዳይ በደንብ የለየው ህንዳዊው ፊዚሲስት ቻንድራሴካራ ራማን ነው። በ1921 እ.ኤ.አ. በመርከብ ሜዲትራኒያንን ሲያቋርጥ የባሕሩ ሰማያዊነት ዓይኑን ያዘው። በዘመኑ የተለመደው መልስ እንግሊዛዊው የፊዚክስ ሊቅ ሎርድ ሬይሊ የሰጠው ነበር፤ የሰማይ ነጸብራቅ ነው የሚል። ራማን በእጁ ኒኮል ፕሪዝም የሚባል ትንሽ መሣሪያ ነበረው። ከውሃው ፊት የሚንጸባረቀውን ብርሃን በሱ ከልሎ አየ። ሰማያዊው አልጠፋም። እንዲያውም ጠለቀ። ብርሃን በቁስ ውስጥ እንዴት እንደሚበተን ማጥናቱን ቀጠለበትና በ1930 እ.ኤ.አ. የኖቤል ሽልማት አገኘ።

አንድ ነገር ልጨምር። ለምንድን ነው ሁላችንም «ሰማዩ ነው» ለማለት የምንቸኩለው? በአማርኛ ቀለሙን ራሱን የምንጠራው በሰማይ ስም ነው። ሰማያዊ ስንል ሰማይን አብረን ጠርተናል። መልሱ ጥያቄው ውስጥ ያለ ይመስለናል። ልጅሽ ቃሉን ትታ ውሃውን አየች። ይህችን ልጅ አደራ።

የሸዋ በሯ
ሰኞ፣ ጠዋት 1፡58

መምህር፣ እግዜር ይስጥልኝ። ጽሑፍዎን ቁርስ ላይ አነበብኩላት። «ቀዩን ይውጠዋል» የሚለውን ሦስት ጊዜ አስደገመችኝ። ግን አሁን እኔው ጥያቄ መጣብኝ። ሰማያዊነቱ የውሃው ከሆነ ሐይቅ ዳሩ ላይ ለምን አረንጓዴ ይሆናል? እንደዚያማ ቢሆን ሁሉም ሐይቅ አንድ ዓይነት ቀለም አይኖረውም ነበር?

የረጅም መንገድ ሹፌር
ሰኞ፣ ቀን 6፡40

ሁሉም አንድ አይደለም። በስራዬ ሐይቅ ሳይ ነው የምኖረው። ላንጋኖ ቡናማ ነው፣ ሻይ በወተት። እዚያው አጠገቡ ያለው ሻላ ደግሞ ጥልቅ ሰማያዊ ነው። አርባ ምንጭ ላይ ቆመሽ ብታይ አባያ ቀላ ያለ ነው፣ ጫሞ አይደለም፤ የሚለያያቸው አንድ ጋራ ነው። ቢሾፍቱ በኩል ስሙ ራሱ አረንጓዴ ሐይቅ የተባለ አለ። አንድ ሰማይ ስር ሆነው ይህን ያህል ይለያያሉ። ስለዚህ እኔም ከመምህሩ ጋር ነኝ።

ጡረተኛው መምህር
ሰኞ፣ ቀን 7፡15

ጥሩ ምስክር ነው። ሻላ 266 ሜትር ይጠልቃል፣ ካሉን ሐይቆች ሁሉ ጥልቁ እሱ ነው። ላንጋኖና አባያ ላይ ደቃቅ ጭቃ ውሃው ውስጥ ተንሳፎ ይኖራል፤ ብርሃኑ ወደ ጥልቁ ሳይደርስ ጭቃው ይመልሰዋል። የምናየው የጭቃውን ቀለም ነው።

መረብ ጣይ
ሰኞ፣ ማታ 1፡30

አሰላሙ አለይኩም። ሐይቅ ላይ መረብ እየጣልኩ ያደግሁ ነኝ። ፊዚክሱን ዛሬ ከመምህሩ ሰማሁ፣ አላህ ይስጥልን። እኔ ያየሁትን ልናገር።

ሐይቅ አንድ ቀለም የለውም። ፊላው ስር አረንጓዴ ነው። ወደ መሃል ስትቀዝፊ እየጠቆረ ይሄዳል። ክረምት ጎርፍ በሚገባበት በኩል ደግሞ አፈር ነው። ጠዋት ነፋስ ሳይነሳ አንድ ነው፣ ከሰዓት ሲናወጥ ሌላ ነው። እኛ ቀለሙን ሳናይ መረብ አንጥልም።

ስለ ዓሣው ልጅቷ ለጠየቀችው ግን መልስ አለኝ። ታንኳ ላይ ሆኜ ቁልቁል ሳይ ቆሮሶው እግሬ ስር ቢሆንም አላየውም። ጀርባው ከታች ካለው ጨለማ ጋር አንድ ነው። ዓሣ የሚያጠምደው ወፍም እንደኔው ከላይ ነው የሚያየው። ልጅ ሆነን ጠልቀን ስንዋኝ ደግሞ ዓይኔን ገልጬ ሽቅብ አይ ነበር። ከላይ ውሃው ነጭ ብርሃን ነው። ዓሣው በላዬ ሲያልፍ ሆዱ ከብርሃኑ አይለይም። መረብ ስንስብ ሲገላበጥ ብቻ ብልጭ ይላል። ሰማያዊ ቢሆን ኖሮ ከላይም ከታችም በታየ ነበር። ጥቁርና ነጭ መሆኑ ነው የደበቀው።

አምባዛን ብትጠይቅሽ ደግሞ እሱ ቀለም አያስጨንቀውም። ታች ጭቃው ላይ በጢሙ እየዳሰሰ ነው የሚሄደው። አየርም ይተነፍሳል። ከውሃ አውጥተን ረጥቦ ከዋለ ማታም ነፍስ አለው።

የዓሣ ተማሪ
ሰኞ፣ ማታ 3፡10

መረብ ጣይ የጻፈውን እኛ ክፍል ውስጥ ሁለት ሰዓት ተምረነዋል። ከታንኳ ላይ እንደዚህ ግልጽ አድርጎ የነገረኝ ግን የለም።

የአረንጓዴውን ጉዳይ እኔ ልያዝ፣ ምክንያቱም የሐይቅ ታሪክ ራሱ እዚያ ውስጥ ነው። ትምህርት ቤት ዋቅላሚ የምንለው፣ አልጌ፣ በዓይን የማይለይ ደቃቅ ተክል መሳይ ነገር ነው። ውስጡ ክሎሮፊል አለ። ክሎሮፊል ቀዩንም ሰማያዊውንም ለምግቡ ይወስዳል። ውሃው ቀዩን፣ አልጌው ሰማያዊውን ከወሰዱ የሚተርፈው አረንጓዴው ነው። ልጅሽ ሃይላንዱ ውስጥ ያየችው አረንጓዴ ብናኝም ከዚሁ ወገን ይመስለኛል።

አሁን ብዙ ሰው የማያውቀው ነገር። ቆሮሶ የሐይቅ ተወላጅ አይደለም። በ1978 እ.ኤ.አ.፣ በእኛ 1970 ዓ.ም. ገደማ፣ ለምግብና ለገቢ ታስቦ ነው ከውጭ መጥቶ የተለቀቀው። ከዚያ በፊት ሐይቁን ያጠኑ ሰዎች የጻፉት በጣም ጥርት ያለ ውሃ ነው፣ አልጌው ትንሽ የሆነ። ከዚያ በኋላ የመጡት ያገኙት ሌላ ነው፤ አልጌው በዝቷል፣ ጥራቱ ወርዷል። ከሚሰጡት ማብራሪያዎች አንዱ ይህ ነው። ውሃው ውስጥ አልጌውን እየጋጡ የሚኖሩ ደቃቅ እንስሳት አሉ። ዓሣው እነሱን ሲበላቸው አልጌው የሚግጠው አጣ። በዚህ ላይ ከተራራው የሚታጠበው አፈርና ከማሳ የሚመጣው ማዳበሪያ አለ። አጠገቡ ካለው ከአርድቦ ሐይቅ የሚመጣ ወንዝ ሐይቅ ይገባል፤ ከሐይቅ ግን የሚወጣ ወንዝ የለም። የገባው እዚያው ይቀራል።

ስለዚህ ለልጅሽ እንዲህ በያት። ውሃው ዓሣውን ሰማያዊ አላደረገውም፤ ዓሣው ግን ውሃውን አረንጓዴ በማድረግ አግዟል።

ኮምቦልቻ ነኝ
ሰኞ፣ ማታ 3፡44

እኔ ተሳስቼ ነበር፣ ተቀብያለሁ። ግን ቆይ፣ ቆሮሶ ራሱ አልጌ ይበላል ሲባል ሰምቻለሁ። ከበላው ለምን አልቀነሰም?

የዓሣ ተማሪ
ሰኞ፣ ማታ 4፡02

ይበላል። ሆዱ ውስጥ ያለው አሲድ በጣም ኃይለኛ ስለሆነ ሌላው ዓሣ የማይፈጨውን አልጌ ይፈጫል። ሲታረድ አንጀቱን አይታችሁት ከሆነ ረጅምና ቀጭን ነው፣ እንደ ክር የተጠቀለለ፣ ብዙ ጊዜም አረንጓዴ ነው። ችግሩ ጫጩቶቹ ላይ ነው። ትንሽ ሳሉ በብዛት የሚለቅሙት እነዚያን ደቃቅ እንስሳት ነው። ትልልቆቹ የበሉት አልጌም በኩስ መልክ ተመልሶ ለሌላ አልጌ ማዳበሪያ ይሆናል።

መረብ ጣይ
ሰኞ፣ ማታ 4፡20

ጫጩት ካነሳህ አይቀር ይህንን ሰው ይወቅልኝ። ቆሮሶ እናቲቱ እንቁላሏን በአፏ ነው የምትይዘው። ተፈልፍለውም አደጋ ሲመጣ አፏን ትከፍትላቸውና ይገባሉ። በዚያ ጊዜ እህል ውሃ የለም፣ አፏ ልጆቿን ይዟል። መረብ ላይ ስትያዝ ደንግጣ ትተፋቸዋለች። ታንኳው ወለል ላይ እንደ ሰናፍጭ ሲበተኑ ታያላችሁ። እኔ እጄ ከደረሰ ወደ ውሃው እመልሳታለሁ። ዓይኑ ጠባብ የሆነ መረብ የሚጥሉትን ግን ምን ልበል። ሆዴን ያመኛል።

ኮምቦልቻ ነኝ
ማክሰኞ፣ ቀን 6፡10

ወንድሜ፣ ልብ ይነካል። ይህን አላውቅም ነበር።

እግረ መንገዴን አንድ ነገር ልጠይቅ። በጾም ሰሞን አንድ ምግብ ቤት ዓሣ ጉላሽ አዝዤ ጭቃ ጭቃ አለኝ። የቆየ ዓሣ ነው ብዬ ተጣላኋቸው። እነሱ ጠዋት የገባ ነው ይላሉ። ማን ነበር ልክ?

ምድጃ ዳር
ማክሰኞ፣ ቀን 7፡30

ሁለታችሁም ልክ ልትሆኑ ትችላላችሁ። እኔ ዓሣ ስሰራ 20 ዓመት አልፎኛል። የበሰበሰና ጭቃ ጭቃ የሚል ሽታ ይለያያል። የቆየውን ስንጥቡን ገልጠህ እይ፣ ደም መስሎ ካልቀላ አትግዛ። ዓይኑ ከሰረጎደም ተወው። ጭቃ የሚለው ግን ገና ሲንፈራገጥ የመጣውም ላይ አለ። ዝናብ ከጣለ በኋላ ያለውን የመሬት ሽታ አስበው፣ እሱ ነው።

እኔ የማደርገው ቀላል ነው። ቅርፊቱን ገፍፌ፣ ሆዱ ውስጥ ያለውን ጥቁር ስስ ሽፋን በጨው አሽቼ አነሳለሁ። ብዙ ሰው ይህን ይተወዋል፤ እኔ አልተወውም። ከዚያ በሎሚ በደንብ አሽቼ ግማሽ ሰዓት አስቀምጠዋለሁ። ውሃውን ደፍቼ አጥቤ በነጭ ሽንኩርትና በሮዝመሪ እለውሰዋለሁ። ለጉላሽ ከሆነ ፊሌቶውን መጨረሻ ላይ ነው የምጨምር፣ አለበለዚያ ይፈራርሳል። አምባዛ የሚበላ ካለ ለሱም ሎሚው ይብዛ። ቅርፊት የለውም ብሎ የማይነካው ብዙ ነው፣ እሱ የየእምነቱ ነው።

የዓሣ ተማሪ
ማክሰኞ፣ ማታ 1፡15

ምድጃ ዳር፣ እጅሽ ይባረክ። ሎሚው የሚሰራበት ምክንያት አለው። ያ የመሬት ሽታ ጂኦስሚን ከሚባል ንጥረ ነገር ነው። የሚሰሩት አንዳንድ ባክቴሪያዎች ናቸው፤ አፈር ውስጥ ያሉትም፣ ውሃ ውስጥ አልጌ መስለው የሚኖሩት ሰማያዊ አረንጓዴዎቹም። ዓሣው በስንጥቡ ሲያልፍበት ስቡ ውስጥ ይቀመጣል። አሲድ ይሰባብረዋል፣ ሎሚ ደግሞ አሲድ ነው። ስለዚህ ያ ጉላሽ የመጣው ውሃው አረንጓዴ ከሆነበት ቦታ ሊሆን ይችላል።

ኮምቦልቻ ነኝ
ማክሰኞ፣ ማታ 1፡40

እሺ። ሄጄ ይቅርታ እላቸዋለሁ።

ጡረተኛው መምህር
ረቡዕ፣ ጠዋት 2፡05

ለልጅቷ አንድ የቤት ስራ አለኝ። በ1865 እ.ኤ.አ. አንጀሎ ሴኪ የሚባል ጣሊያናዊ ቄስና የሥነ ፈለክ ሊቅ ነጭ ክብ ሰሌዳ በገመድ አስሮ ባሕር ውስጥ አወረደ። ሰሌዳው ከዓይን የጠፋበትን ጥልቀት ለካ። ዛሬም የሐይቅ ጥራት የሚለካው በዚህ ነው። ነጭ ሰሃን፣ ገመድና ድንጋይ ይበቃል። ፀሐይ አናት ላይ ሳለች፣ ታንኳው ጥላ በጣለበት በኩል ይውረድ፤ አለዚያ ነጸብራቁ ዓይን ይወጋል።

የሸዋ በሯ
ከ11 ቀን በኋላ፣ እሑድ ማታ 1፡50

ሄድን! መረብ ጣይ ወንድማችን ሰው ሳይጠይቅ፣ ገንዘብ ሳይቀበል በታንኳው ወሰደን። ነጭ የሜላሚን ሰሃን በናይለን ገመድ አስረን፣ ገመዱን በየክንዱ ቋጥረነው ነበር። ልጄ ደግሞ ከራሷ አምጥታ ሌላ ነገር ጨመረች። ከቤት የቀይ ጀሪካን ክዳን አንስታ «ውሃው ቀዩን የሚውጥ ከሆነ ይሄኛው ቀድሞ መጥፋት አለበት» አለች። ማንም አልነገራትም።

መሃል ገባ ብለን ቆምን። መጀመሪያ ነጩን አወረድን። አንድ ክንድ ላይ ነጭ ነው። ሁለት ላይ ሎሚ የመሰለ አረንጓዴ ሆነ። ሦስት ላይ እንደ ጥላ ነው። አራተኛውን ቋጠሮ ስትለቅ ጠፋ። ቀስ ብላ ሳበችው፣ እንደ ጨረቃ ብቅ አለ። ሁለት ሜትር አይሞላም ማለት ነው። መረብ ጣይ እዚያ ቦታ ታቹ ብዙ ነው አለን፤ ሐይቁ ጥልቁ ቦታ ላይ 88 ሜትር ይደርሳል። ከዚያ ሁሉ እኛ ያየነው አራት ክንድ ነው።

ቀዩ ክዳን ሁለተኛውን ቋጠሮ ገና ሲያልፍ ቡናማ ሆነ፣ ከዚያ ጥቁር ሆነ፣ ከዚያ የለም። ነጩ በዚያ ጥልቀት ገና ይታይ ነበር። ልጄ ምንም አልጮኸችም። ክዳኑን አውጥታ እርጥቡን በቀሚሷ ጠረገችው። ቀይ ነው፣ እንደነበረው። መልሳ ከተተችው። አምስት ጊዜ ሳይሆን አይቀርም የደጋገመችው።

ጡረተኛው መምህር
እሑድ፣ ማታ 2፡30

ሁለቴ አነበብኩት። የክዳኑ ነገር ከእኔ የቤት ስራ ይበልጣል። በመስታወት ቤቱ በኩል ስታልፉ ደግሞ ጠርዙን አሳያት፤ እኔም ፒያሳ አልጠፋም፣ ባገኛችሁ ደስ ይለኛል።

መስታወት ቆራጭ
እሑድ፣ ማታ 2፡41

ቁራጩን ጠርዙን አልስልሼ አዘጋጅቻለሁ፣ እጇን አይቆርጣትም።

መረብ ጣይ
ማክሰኞ፣ ቀን 8፡15

እህቴ፣ ነጩን ሰሃን ከነገመዱ ታንኳው ውስጥ ረስታችሁታል። አስቀምጬላችኋለሁ። ዛሬ መረብ ካነሳሁ በኋላ እዚያው ቦታ አወረድኩት። ሌሊት ነፋስ ነበር። ሦስት ክንድ ተኩል። ለልጅቷ ንገሪያት፣ በየሳምንቱ ማክሰኞ እዚህ እጽፍላታለሁ።